የተራራ ትምህርት ከለገሃር ይጀምር

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሃይኪንግ የሚባለው የእግር ጉዞ በአዲስ አበባ ወጣቶች ዘንድ ሥር ሰዷል። ቅዳሜና እሑድ ገና ሳይነጋ ከለገሃር፣ ከስታዲየምና ከመስቀል አደባባይ አካባቢ በሚኒባስና በኮስተር የሚነሡት ቡድኖች ወደ እንጦጦ፣ ወደ ወጨጫ፣ ወደ የረር፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ወንጪ ይጓዛሉ። ደፈር ያሉት ዓመት በዓልን ጠብቀው ባሌ ድረስ ይዘልቃሉ፤ አቅሙና ጊዜው ያላቸው ደግሞ ኪሊማንጃሮን ያልማሉ፤ ወጥተውት የተመለሱም አሉ። ወጣቱ ሀገሩን በእግሩ ማወቅ መፈለጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊደገፍም ይገባዋል። ችግሩ ፍላጎቱ ከዕውቀቱ ቀድሞ መሄዱ ላይ ነው። ዳገቱን መውጣት የሚችል ብዙ ሰው አለን፤ ጓደኛው ገደል አፋፍ ላይ ቢንሸራተት ገመድ አስሮ የሚያወጣው፣ ራስ ምታቱ የድካም ይሁን የከፍታ ሕመም የሚለይ፣ ጉም ሲወርድ መንገዱን ሳይስት የሚመለስ ግን ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ጀማሪውን ከገመድ ቋጠሮ አንሥቶ እስከ በረዶ ግግር ድረስ በደረጃ የሚያሠለጥን የተራራ ትምህርት ቤት ያስፈልጋታል። የትምህርቱ ትልቁ ክፍልም በረዶ ሳይጠበቅ እዚሁ መሀል ከተማ፣ ለገሃር ላይ ሊሰጥ ይችላል ባይ ነኝ።

በረዶ የሌለው ሀገር ስለ በረዶ ምን አገባው የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚነሣ ከእሱ መጀመር ይሻላል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዱሊስ የደረሰው ነጋዴ ኮስማስ ከድንጋይ ዙፋን ላይ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልቆየልን አንድ የአክሱም ንጉሥ እስከ ሰሜን ተራሮች መዝመቱንና በዚያም ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንደነበረ ይናገራል። ዛሬ 4,550 ሜትር ከፍታ ባለው ራስ ዳሸን ላይ በረዶ ቢጥልም ብዙ ቀን አይቆይም። ወደ ኋላ ርቀን ከሄድን ደግሞ በባሌ ተራሮች፣ 4,377 ሜትር በሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ዙሪያ፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን እውነተኛ የበረዶ ግግር ተንጣልሎ ነበር፤ ግግሩ እየገፋ የከመራቸው ድንጋዮች ለተመራማሪዎች ዛሬም ምስክር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ፊንቻ ሀበራ በተባለ የዋሻ መጠለያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። ግዙፉን ፍልፈል እያደኑ ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያቸው የሚሆነውን ባልጩት ለማምጣትም ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ወደ ግግሩ ጎን ይወጡ ነበር። በሰው ልጅ ታሪክ በከፍተኛ ተራራ ላይ ስለመኖር ከተገኙት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ በእኛው ምድር ነው። ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ ክርክሬ የሚቆመው ግን በኩራቱ ላይ ሳይሆን ትምህርቱ ራሱ ከምን ከምን እንደተሠራ በማየት ላይ ነው።

የበረዶ ግግር የቆመ ይመስላል እንጂ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ቁልቁል የሚፈስ ነገር ነው። ሲፈስ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም አሥር ሃያ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠልቃል። የሚያስፈራው አፉን ከፍቶ የሚታየው ስንጥቅ አይደለም፤ አዲስ በረዶ ከላይ ሸፍኖ ሜዳ ያስመሰለው ነው። ስለዚህ ተጓዦች ሦስት ወይም አራት ሆነው በመካከላቸው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሜትር እየተራራቁ በአንድ ገመድ ተያይዘው ይሄዳሉ። አንዱ ሲሰምጥ ሌሎቹ በዚያው ቅጽበት በደረታቸው ተደፍተው የበረዶ መጥረቢያቸውን ይሰካሉ፤ ክብደቱን ይይዛሉ። ከዚያ አንዱ በረዶውን ቆፍሮ መልሕቅ ይቀብርና የተንጠለጠለውን ሰው ክብደት ከጓደኞቹ ወገብ ወደ መልሕቁ ያዛውራል፤ ገመዱን በመዘውር አጣጥፎ ሸክሙን ወደ ሲሶ ያህል ካቀለለ በኋላ ይስባል። የወደቀው ካልተጎዳ ራሱ በገመዱ ላይ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ የሚያገለግለው ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋወቀውና በስሙ የሚጠራው ቋጠሮ ነው። ቀጭን ገመድ በወፍራሙ ላይ ደጋግሞ ይጠመጠማል፤ ክብደት ሲያርፍበት ነክሶ ይይዛል፣ ሲቀልለት ወደ ላይ ይንሸራተታል። አንዱ ቋጠሮ ለወገብ፣ ሌላው ለእግር ይሆንና ሰውየው እየቆመና እየተቀመጠ ከጉድጓዱ ይወጣል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የግድ በረዶ የሚፈልገው የቱ ነው? ቋጠሮው አይፈልግም። የወገብ መታጠቂያውን በትክክል ማሰርና የጓደኛን ማሰሪያ ከመነሣት በፊት መፈተሽ አይፈልግም። ክብደትን ከሰው ወደ መልሕቅ ማዛወር፣ መዘውር መሥራት፣ በፕሩሲክ ቋጠሮ መውጣት፣ በገመድ መውረድ፣ ይህ ሁሉ ከኮንክሪት ምሰሶ በተንጠለጠለ ገመድ ላይ እጅ እስኪለምደው ድረስ የሚደጋገም ሥራ ነው። እንዲያውም ጀማሪ ሊማረው የሚገባው እዚያ ነው፤ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ፣ ነፋስ እየጮኸ፣ ጓደኛው ስንጥቅ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሳለ ቋጠሮ አስታውሶ የሚሠራ የለም፤ በዚያ ሰዓት የሚሠራው እጅ አስቀድሞ የለመደው ብቻ ነው። በረዶ የግድ የሚያስፈልጋቸው ሌሎች ናቸው፤ ክራምፖን በሚባለው ባለጥርስ ብረት መራመድ፣ ሲንሸራተቱ በመጥረቢያ ራስን ማቆም፣ የበረዶውን ድልድይ ጥንካሬ ማንበብ። እነዚህን በሣር ላይ እናስተምራለን ማለት ማታለል ይሆናል። ነገር ግን ከጠቅላላው ትምህርት ድርሻቸው አነስተኛ ነው፤ የሚመጡትም በመጨረሻ ነው። መጨረሻው ስለጎደለን መጀመሪያውን የምንተውበት ምክንያት አይታየኝም።

ገመድን ከበረዶ አስቀድሞ የማስተማር አስፈላጊነት ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ በአልፕስ ተራሮች ላይ እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 1865 የደረሰው ነው። በዚያን ቀን ሰባት ሰዎች 4,478 ሜትር ከፍታ ያለውን ማተርሆርን ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ። ከእነሱ አንዱ ዳግላስ ሃዶ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ልምድ አልነበረውም፤ ጉልበት ግን ነበረው፤ እንዲወጣ የተፈቀደለትም በዚያው ሰሞን ሞንት ብላንን ከብዙዎች በፈጠነ ጊዜ ወጥቶ ስለነበረ ነው። በመውረድ ላይ ሳሉ ሃዶ ተንሸራተተ፤ ከፊቱ ያለውን መሪ ገፋ፤ ሁለቱም ከኋላቸው ያሉትን ሁለት ሰዎች ጎተቱ፤ በዚህ መካከል ገመዱ ተበጠሰ። አራቱ ሞቱ፤ ሦስቱ ተረፉ። የተበጠሰው ገመድ ከያዟቸው ገመዶች ሁሉ ደካማው እንደነበረ ከዚያ በኋላ ታወቀ። ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛው፣ አደጋው የደረሰው ሰው ጨርሻለሁ ብሎ በሚዘናጋበት ቁልቁለት ላይ ነው። ሁለተኛው፣ የወጣቱ ጉልበት ለችሎታው ምስክር ተደርጎ ተቆጠረ። ዛሬም በእኛ ዘንድ አንድን ጀማሪ ለከባድ ተራራ ለመምረጥ የምንጠቀምበት መለኪያ ይኸው ነው፤ እንጦጦን በስንት ሰዓት ወጣ?

ገመድ ለእኛ ባዕድ ዕውቀት አይደለም። በትግራይ የሚገኘውን የደብረ ዳሞ ገዳም ያየ ሰው ያውቀዋል። አምባው ዙሪያውን ገደል ነው፤ መግቢያው ላይ ወደ 15 ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ ድንጋይ አለ፤ የሚወጣው ከላይ በተለቀቀ በጠፍር ገመድ ነው። ወጪው በአንዱ ገመድ ላይ እጁን እያፈራረቀ፣ እግሩን ድንጋዩ ላይ እያሳረፈ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ገመድ ወገቡ ላይ ይታሰርና ከላይ ያለው መነኩሴ እየሰበሰበ ይጠብቀዋል። ተራራ ወጪዎች በየትም ሀገር መጀመሪያ የሚማሩት ይህንኑ ነው፤ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይጠብቃል፣ መካከላቸው ያለው ገመድ ልል እንዳይሆን ይደረጋል። ጻድቁ አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አምባው ከወጡበት ጊዜ ጀምሮ መነኮሳቱ ሲያደርጉት የኖሩት ነው። የኦሎምፒክ የፍጥነት መውጣት ውድድር የሚደረግበት ግድግዳም ቁመቱ 15 ሜትር መሆኑን ሳስብ፣ ከደብረ ዳሞ መግቢያ ጋር የሚስተካከል ግድግዳ በመዲናችን መሀል ለወጣቱ ማቆም ለምን እንደሚከብደን አይገባኝም።

የሚቀጥለው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። እኛ ደገኞች ነን፤ ተራራው ቤታችን ነው፤ ሳንባችን ለምዶታል፤ የውጭ ሰው ሊያስተምረን አይችልም የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣችው ውጤት ብዙ የሳይንስ ሰዎችን አስገርሟል። በደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢንም ሆነ የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው እምብዛም የተለየ አልነበረም፤ የቲቤትም ሆነ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች እንዲህ አይደሉም። ነገር ግን ይህ ጸጋ እዚያው ተወልዶ ያደገው የሰሜን ገበሬ ነው፤ በካዛንቺስ ቢሮ ውሎ ቅዳሜ በባሌ ወዳለው ሳነቴ አምባ ለሚጓዘው የከተማ ልጅ በዘር ይተላለፋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥሩ ሳንባ ቋጠሮ አያስርም። ለዚህ የሼርፓዎች ታሪክ በቂ ምስክር ነው። ኤቨረስትን ለዘመናት በጀርባቸው ሸክም፣ በእግራቸው መንገድ ጠራጊነት ያስወጡት እነሱ ናቸው፤ በከፍታ ላይ የሚስተካከላቸው የለም። ሆኖም የገመድና የነፍስ አድን ትምህርት በሥርዓት ሳያገኙ ብዙዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ፎርትሴ በምትባለው መንደር ለኔፓል ተራራ ሠራተኞች የተቋቋመው የኩምቡ ትምህርት ቤት የተከፈተው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። የተራራ ልጅ የተራራ ትምህርት አያስፈልገውም ቢባል ኖሮ በመጀመሪያ ሊባል የሚገባው ለእነሱ ነበር።

ስለ ከፍታ ሕመም ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ በእኛ ጉዞዎች ላይ ከበረዶም ከገደልም ይልቅ የቀረበው አደጋ እሱ ነውና። በራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም፤ በኪሊማንጃሮ ጫፍ፣ 5,895 ሜትር ላይ፣ ግማሽ ያህል ነው። ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም የዕረፍት ቀን እንዲኖር ነው። ሳነቴ አምባ ላይ ግን መኪና ይወጣል፤ ከአዲስ አበባ የተነሣ ቡድን በማግሥቱ ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ ቆሞ ፎቶ ሊነሣ ይችላል። ጉልበተኛው ሰው የበለጠ ይጋለጣል፤ ስለሚፈጥን። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ሲመጣ ማቆም፤ ሰውየው ሚዛኑን ሲስት ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ሲያጥረው ሌሊትም ቢሆን ማውረድ። ይህን ለማወቅ የሕክምና ዲግሪ አያስፈልግም፤ የአንድ ከሰዓት ትምህርትና የቡድን መሪውን ተመለሱ የማለት ሥልጣን የሚያከብር ልማድ ይበቃል። ልማዱ ከትምህርቱ ይከብዳል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ፣ ጫፉ እየታየው መመለስ ይጎመዝዘዋል፤ ስለዚህ የመመለስ ውሳኔ ከመነሻው በፊት በሰዓትና በምልክት ተቆርጦ መታወቅ አለበት።

ሌላው ተቃውሞ የቅንጦት ነገር ነው። ዳቦ ባልጠገበ ሕዝብ መካከል ስለ በረዶ መጥረቢያ ማውራት ነውር የሚመስለው ሰው ይኖራል። ለዚህ ሰው መልሴ ከለገሃር ሳይርቅ ይገኛል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በዙሪያውም ሆነ በካዛንቺስ በኩል መስታወት የለበሱ ፎቆች በየጊዜው እየተነሡ ነው። መስታወቱን የሚያጥበው፣ ግድግዳውን የሚቀባው ወጣት በገመድ ተንጠልጥሎ ነው የሚሠራው። ቋጠሮው፣ መልሕቁ፣ ሁለተኛ መጠባበቂያ ገመድ ማስፈለጉ፣ ገመዱ ስለታም ጠርዝ ላይ እንዳያርፍ መከለሉ፣ ሁሉም ከተራራ ወጪ ትምህርት ጋር አንድ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የገባን ሰው ለማውጣት የሚጠራው የከተማው እሳትና አደጋ ስጋት ሠራተኛም የሚያስፈልገው ይኸው ዕውቀት ነው። ከከተማ ከወጣን ደግሞ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። መጀመሪያ በተናደው አፈር የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ሌላ ናዳ ወረደበት፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የሠለጠነ ሰው በቦታው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ነፍስ ይተርፍ ነበር አልልም፤ እንዲህ ማለት ለሞቱት ክብር አይሆንም። ነገር ግን በተራራ ነፍስ አድን ትምህርት የመጀመሪያው ጥያቄ ከላይ ገና የሚወርድ ነገር አለ ወይ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ቁልቁለቱን ቆሞ የሚመለከት ጠባቂ ማን ነው የሚል። አብዛኛው ሕዝቧ በተራራና በገደል መካከል ለሚኖር ሀገር ይህ ትምህርት ቅንጦት ሊባል አይችልም።

የአፍሪካ በረዶ እያለቀ ነው፤ ትምህርቱ ከመጀመሩ በረዶው ይጠፋል የሚሉም አሉ። የተራሮቹ ነገር በእርግጥ ያሳዝናል። በአህጉራችን የበረዶ ግግር የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ብቻ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት በአፍሪካ የዓለም ቅርስ ሥፍራዎች ያለው ግግር እስከ 2050 ድረስ ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ከዚህ የምረዳው ግን ሌላ ነገር ነው። እየቀለጠ ያለ ተራራ ከቀዘቀዘው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ በረዶ አጣብቆ የያዘው ድንጋይ ይለቀቃል፣ ድልድዩ ይሳሳል፣ ለዘመናት የታመነ መንገድ በአንድ በጋ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 2022 በጣሊያን ማርሞላዳ ተራራ ላይ የግግሩ ክፍል ተገንጥሎ 11 ሰዎች ሞተዋል። ወደፊት ወደ በረዶ የሚሄድ ሰው ከአባቶቹ ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ዕውቀት ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያውያን ደግሞ ወደ በረዶ ሄደዋል፤ ይሄዳሉም። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ሀገራችንን በስኪ ወክሎ ሲሰለፍ በዚያ መድረክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ያደጉ ልጆቻችን በረዶውን ያውቁታል፤ ትምህርት ቤት ቢኖር ለክረምት ሲመጡ የሚያስተምሩበት ቦታ ያገኛሉ።

ሥልጠና መስጠት ሰውን ወደ አደጋ መገፋፋት ነው የሚለው ስጋት ከልብ የመነጨ ስለሆነ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የሠለጠነ ሰውም ይሞታል። ኬንያዊው ቼሩዮት ኪሩይ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ኤቨረስት ላይ ሕይወቱ አልፏል፤ አብሮት የነበረው ኔፓላዊ መሪም አልተመለሰም። ትምህርት አደጋን አያጠፋም። ሆኖም ንጽጽሩ በሚሄድና በማይሄድ መካከል አይደለም። ወጣቱ እየሄደ ነው፤ የቀረው ጥያቄ ተምሮ ይሂድ ወይስ ሳይማር የሚለው ነው። ከዚያችው ኬንያ ሌላ ሰው ልጥቀስ። ጄምስ ካጋምቢ ኖልስ በተባለው የተራራ ትምህርት ድርጅት ለረጅም ዓመታት ሲያስተምር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2022፣ በ62 ዓመቱ፣ ኤቨረስትን የወጣ የመጀመሪያው ኬንያዊ ሆነ። ኬንያ ይህን ሰው ያገኘችው በአጋጣሚ አይደለም፤ የተራራ ክለቧ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፤ ትምህርቱ ባህል ሆኗል። ሕንድም ብትሆን ቴንዚንግ ኖርጌ እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስትን በወጣ በዓመቱ፣ ኔህሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ፣ በዳርጂሊንግ የሂማላያ የተራራ መውጣት ተቋምን ከፍታ ቴንዚንግን የመስክ ሥልጠና ኃላፊ አደረገችው። ዝናውን ሳይቀዘቅዝ ወደ ትምህርት ቤት ለለወጠችው ሕንድ እስካሁን ፍሬው እየደረሳት ነው።

የጸጥታው ጉዳይ ሊካድ አይችልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ደባርቅንና የሰሜን ተራሮችን የቱሪዝም ሥራ ክፉኛ ጎድቶታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ከዓለም የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች አንዱ ሆኖ የተመዘገበው ፓርክ፣ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2017 ተፍቆ ተስፋ ባደረበት ማግሥት ጎብኚ አጣ። ከሳንቃ በር እስከ ጨነቅ በበቅሎ ጭነት ይተዳደር የነበረው ሰው ምን ላይ እንደወደቀ መገመት አያቅትም። ትምህርት ቤቱ ሰላም እስኪወርድ ይጠብቅ ማለት ግን ስሕተት ይመስለኛል። ገመዱና ቋጠሮው አዲስ አበባ ውስጥ፣ የካርታና የኮምፓስ ልምምዱ በወጨጫና በእንጦጦ፣ የከፍታውና የብርዱ ትምህርት መንገዱ በሚፈቅድበት በአርሲና በባሌ ሊሰጥ ይችላል። መንገድ ሲከፈት ደግሞ የሰሜን ስካውቶችና በቅሎ ነጂዎች ተማሪም አስተማሪም ሆነው መግባት አለባቸው። የትኛው ሸንተረር ላይ ጉም እንደሚተኛ፣ ዝናብ ሲመታ የትኛው ጅረት እንደሚሞላ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ያልሰፈረ ሥርዓተ ትምህርት ነው።

ለገሃርን የመረጥኩት ስሙ ስለሚያምር አይደለም። ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የሀገሩ ሰው ሁሉ የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ዛሬም የቀላል ባቡሩ ሁለት መስመሮች በአንድ ሐዲድ የሚያልፉት በዚያ ነው። የአያት ልጅ፣ የቃሊቲ ልጅ፣ የጦር ኃይሎች ልጅ በአንድ ቲኬት ይደርሳል፤ ስታዲየሙና መስቀል አደባባይም በእግር ነው። ከሁሉ በላይ ቦታው እንደገና እየተሠራ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው የለገሃር መልሶ ማልማት ዕቅድ መኖሪያ፣ ሆቴል፣ መናፈሻና የገበያ ማዕከል ይዟል። በዚህ ሁሉ መሬት ላይ ለአንድ 15 ሜትር ግድግዳ፣ ለገመድ መስቀያ ምሰሶና ለአንድ የመማሪያ ክፍል የሚሆን ጥግ ማግኘት የሚያስቸግር አይሆንም። ለዚህ የሚወጣው ወጪ ከአንድ ሰው ሠራሽ ሣር ሜዳ የሚበልጥ አይመስለኝም። በረዶ ወደሚያስፈልገው የመጨረሻ ክፍል ስንደርስ ሁሉንም ተማሪ መላክ አይጠበቅም፤ የተመረጡ ጥቂቶች ወደ ሩዌንዞሪ፣ ከተቻለም ወደ አልፕስ ወይም ወደ ዳርጂሊንግ ሄደው ይማሩና ተመልሰው ሌላውን ያስተምራሉ። ኪሊማንጃሮ በእግር የሚወጣ ተራራ ስለሆነ ለከፍታ ልምምድ ጥሩ ነው፤ የገመድና የክራምፖን ትምህርት ግን በዋናው መንገዱ አይገኝም፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ለጀማሪ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ከግድግዳው በፊት መቆረጥ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ማን ብቁ ነው ብሎ የሚመሰክረው ማን ነው የሚለው ነው። ዛሬ ማንም ሰው ገጽ ከፍቶ፣ ክፍያ ሰብስቦ፣ አርባ ሰው ይዞ ወደ ተራራ መሄድ ይችላል። የባህልና ስፖርት ሚኒስቴር፣ የቱሪዝም ሚኒስቴርና የከተማው እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን አንድ ላይ ተቀምጠው የቡድን መሪ ቢያንስ ማወቅ ያለበትን ዝቅተኛ መስፈርት ሊያወጡ ይገባል። የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ የከፍታ ሕመም ምልክቶች፣ አምስት ስድስት ቋጠሮዎች፣ አንድን ሰው ከገደል ሥር በገመድ ማውጣት፣ የመመለሻ ሰዓት መወሰን። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም ቅዳሜና እሑድ ሰው የሚመሩት ወጣቶች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የፓርክ ስካውቶች ቢሆኑ፣ የአንዱ ዕውቀት በአንድ ክረምት ውስጥ ወደ ብዙ መቶ ሰው ይደርሳል። መስፈርቱን ለማውጣት በረዶም ግድግዳም አያስፈልግም፤ ክረምቱ አልፎ የጥቅምት የጉዞ ወቅት ከመግባቱ በፊት ሊጠናቀቅ የሚችል የጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው።